በብርሃን የተለካ ፍጥነት፦ የአየር ኬሚስትሪ ልኬት ታሪክና ለሕክምና ያለው ትርጉም

መግቢያ

በሕመምተኛ ጣት ጫፍ ላይ የሚደረገው ፐልስ ኦክሲሜትር የሚሠራበት መርሕ ቀላል ነው። አንዱ በ660፣ ሌላው በ940 ናኖሜትር አካባቢ የሞገድ ርዝመት ያላቸው ሁለት ዓይነት ብርሃኖች በጣቱ ውስጥ ያልፋሉ። ኦክስጅን የያዘው ሄሞግሎቢንና ያልያዘው ሄሞግሎቢን እነዚህን ብርሃኖች መጥጠው የሚያስቀሩት በተለያየ መጠን ስለሆነ፣ ከጣቱ ወዲያ በኩል የሚደርሰው ብርሃን ስለ ደሙ ሁኔታ ይናገራል። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ ይህን ሐሳብ ለሙያ ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)።

በዚያው ዓመት በጁን ወር ማሪዮ ሞሊናና ሼርውድ ሮውላንድ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች ኔቸር በተባለው መጽሔት አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። በማቀዝቀዣዎችና በመርጫ ቆርቆሮዎች ውስጥ የሚያገለግሉት ክሎሮፍሎሮካርቦን (ሲ.ኤፍ.ሲ.) የተባሉ ጋዞች ወደ ላይኛው አየር ወጥተው፣ እዚያም ክሎሪን ለቀው፣ ምድርን ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚከላከለውን ኦዞን ሊያጠፉ እንደሚችሉ አስጠነቀቁ። ከእነዚያ ቆርቆሮዎች አንዱ የአስም ሕመምተኛ በኪሱ ይዞት የሚዞረው፣ በተለምዶ «ፓፍ» የሚባለው ኢንሄለር ነበር።

እነዚህ ሁለት ነገሮች ከዓመቱ መገጣጠም ያለፈ ዝምድና አላቸው። የኦዞኑ ማስጠንቀቂያ የቆመው በአየር ውስጥ የሚካሄዱ ኬሚካዊ አፀግብሮቶች ምን ያህል እንደሚፈጥኑ በሚያሳዩ ቁጥሮች ላይ ነበር። ከቁጥሮቹ ብዙዎቹ የተገኙት ደግሞ በጣት ጫፍ ላይ ከሚሠራው መርሕ ነው፤ ይኸውም አንድ ንጥረ ነገር ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስቀር ወይም መልሶ እንደሚያወጣ በመቁጠር። አንድ ጋዝ በአየር ውስጥ ለሳምንት ወይስ ለመቶ ዓመት እንደሚቆይ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ቁጥሩ ሲሳሳት ትንበያው ይሳሳታል፤ ትንበያው ሲሳሳት ደግሞ ሕግ፣ መድኃኒትና ሕመምተኛ አብረው ይነካሉ። የዚህ ልኬት ታሪክ ለጤና ባለሙያ ሊታወቅ የሚገባው ስለዚህ ነው።

ከፀሐይ ብርሃን የጎደለው ክፍል

ብርሃን በአንድ ነገር ውስጥ ሲያልፍ እንደ ነገሩ ውፍረትና ክምችት እንደሚቀንስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቡጌና ላምበርት፣ በ1852 ደግሞ ቤር አጥንተዋል። በክሊኒካል ላቦራቶሪ የሚገኘው ስፔክትሮፎቶሜትር ዛሬም የሚያነበው በእነርሱ ሕግ ነው። ይህ ሕግ ወደ ሰማይ ሲዞር የመጀመሪያው ታላቅ ግኝት ተገኘ። ከፀሐይ ወደ ምድር የሚደርሰው ብርሃን ወደ 300 ናኖሜትር ገደማ ሲደርስ በድንገት ይቋረጣል፤ ከዚያ ያነሰ የሞገድ ርዝመት ያለው አልትራቫዮሌት ጨረር መሬት አይደርስም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የደብሊኑ ኬሚስት ዋልተር ሃርትሊ ኦዞን በቤተ ሙከራ ውስጥ በትክክል ይህንኑ የብርሃን ክፍል እንደሚያስቀር አሳዩ፤ ስለዚህም ከአየሩ በላይ ኦዞን መኖር እንዳለበት ደመደሙ።

ከዚያ በኋላ ፈረንሳውያኑ ሻርል ፋብሪና አንሪ ቡይሶን መጠኑን ለኩ። በ1920 ባደረጉት ልኬት ኦዞኑ ሁሉ በአንድ ላይ ተሰብስቦ በባሕር ወለል ግፊትና በዜሮ ዲግሪ ቢዘረጋ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በኦክስፎርድ ጎርደን ዶብሰን ለዚህ ሥራ የሚሆን መሣሪያ በ1920ዎቹ ሠርተው በልዩ ልዩ አገሮች እንዲተከል አደረጉ። ዛሬ የኦዞን መጠን የሚነገርበት «ዶብሰን ዩኒት» ስማቸውን ይዟል፤ 100 ዩኒት ማለት የ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው።

ምን ያህል ኦዞን እንዳለ ማወቅ ግን ለምን ያን ያህል እንደሆነ አይገልጽም። በ1930 ሲድኒ ቻፕማን የመጀመሪያውን ማብራሪያ ሰጡ። ብርሃን የኦክስጅንን ሞለኪዩል ይከፍለዋል፤ የተለየው አቶም ከሌላ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ኦዞን ይሆናል፤ ኦዞኑም በብርሃን ይከፈላል፣ ወይም ከኦክስጅን አቶም ጋር ተገናኝቶ ይጠፋል። የኦዞን መጠን እንግዲህ በገቢና በወጪ መካከል ያለ ሚዛን ነው። ገቢውን ከወጪው ለማነጻጸር ግን የእያንዳንዱ አፀግብሮት ፍጥነት መታወቅ ነበረበት። በ1960ዎቹ የተሻሉ ልኬቶች ሲገኙና በቻፕማን ስሌት ሲገቡ፣ ስሌቱ በሰማይ ካለው ይልቅ ብዙ ኦዞን ሰጠ። የማይታይ ወጪ እንደነበረ ግልጽ ሆነ።

በቅጽበት የሚጠፉትን መያዝ

ያ የማይታይ ወጪ ያለው ራዲካል በሚባሉት የሞለኪዩል ስባሪዎች ዘንድ ነበር። ራዲካሎች ያልተጣመረ ኤሌክትሮን ስላላቸው ያገኙትን ሁሉ ይነካሉ፤ ዕድሜያቸውም እጅግ አጭር ነው። በአየር ውስጥ ዋነኛው አጽጂ የሆነው ሃይድሮክሲል ራዲካል አንድ ጊዜ ከተፈጠረ በኋላ ከመሬት አጠገብ ባለው አየር የሚቆየው አንድ ሰከንድ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በጠርሙስ ማስቀመጥ፣ መመዘን ወይም በጠብታ መለካት አይቻልም።

መውጫውን ያገኙት በካምብሪጅ ሮናልድ ኖሪሽና ተማሪያቸው ጆርጅ ፖርተር ናቸው። ፖርተር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል የራዳር መኮንን ሆነው አገልግለዋል። ራዳር አጭር ምት ይልካል፤ ከዚያም ጊዜ ቆጥሮ የሚመለሰውን ያዳምጣል። በ1949 ይፋ የሆነው የሁለቱ ሳይንቲስቶች ዘዴም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በመስታወት ቱቦ ውስጥ ባለ ጋዝ ላይ እጅግ ኃይለኛ የብርሃን ብልጭታ ይለቀቃል፤ ሞለኪዩሎቹ በአንድ ጊዜ ተሰባብረው ቱቦው በራዲካል ይሞላል። ጥቂት ቅጽበት ቆይቶ ሁለተኛ፣ ደካማ ብልጭታ በቱቦው ውስጥ ያልፋል፤ የሚደርሰው ብርሃንም በቀለም ተበትኖ ፎቶግራፍ ይነሣል። እያንዳንዱ ራዲካል የሚያስቀረው የብርሃን መስመር የራሱ ብቻ ስለሆነ በፎቶግራፉ ላይ እንደ አሻራ ይታያል። በሁለቱ ብልጭታዎች መካከል ያለው ጊዜ እየተለዋወጠ ሙከራው ሲደገም፣ አሻራው እንዴት እየደበዘዘ እንደሚሄድ ይነበባል። በዚህ ሥራ ኖሪሽና ፖርተር ከጀርመናዊው ማንፍሬድ አይገን ጋር የ1967 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በአዲሱ መሣሪያ ቀድመው ከታዩት ራዲካሎች አንዱ ክሎሪን ሞኖክሳይድ ነበር፤ ፖርተርና ባልደረባቸው ራይት ክሎሪንና ኦክስጅንን አቀላቅለው በብልጭታ ሲመቱ አገኙት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ይህ ራዲካል ለጥቂት ኬሚስቶች ብቻ የሚያስደንቅ ነገር ነበር፤ ጥቅሙንም ሆነ ጉዳቱን የጠየቀ አልነበረም። ከ30 ዓመት በኋላ ግን በደቡብ ዋልታ ሰማይ ላይ የተፈለገው ተጠያቂ ይኸው ሆነ።

ፍጥነቱ እንዴት ይነበባል?

የልኬቱን ሐሳብ ለመረዳት የጤና ባለሙያ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። አንድ መድኃኒት ከደም የሚወጣበት ፍጥነት የሚታወቀው በየሰዓቱ ደም እየተቀዳ መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ ሲሰላ ነው። የራዲካል ልኬትም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ሰዓቱ በሚሊሰከንድና በማይክሮሰከንድ መቆጠሩ፣ መርፌውም ብርሃን መሆኑ ነው።

በቱቦው ውስጥ ራዲካሉ በጥቂቱ፣ አብሮት የሚዋሐደው ጋዝ ግን እጅግ በብዛት ይደረጋል። ጋዙ ከብዛቱ የተነሣ አይጎድልም፤ የሚቀንሰው ራዲካሉ ብቻ ነው፤ እርሱም በእኩል ጊዜ በእኩል ድርሻ ይቀንሳል። ጋዙ በእጥፍ ሲጨመር የራዲካሉ ዕድሜ በግማሽ ያጥራል። ከዚህ ግንኙነት «የፍጥነት ቋሚ ቁጥር» የሚባለው ይወጣል። ይህ ቁጥር በአየር ውስጥ ካለው የራዲካል መጠን ጋር ሲባዛ ጋዙ የሚጠፋበትን ፍጥነት ይሰጣል፤ አንድ ለዚህ ፍጥነት ሲካፈል ደግሞ የጋዙ ዕድሜ ይገኛል።

ብልጭታ ብቸኛው መንገድ አይደለም። በሌላ ዘዴ ራዲካሉ ከሂሊየም ጋር በረጅም ቱቦ ውስጥ በሚታወቅ ፍጥነት እንዲፈስ ይደረጋል፤ ሁለተኛው ጋዝ በቀጭን ቧንቧ ይጨመራል። የቧንቧው ጫፍ ወደ መለኪያው ሲቀርብ ሁለቱ አብረው የቆዩበት ጊዜ ያጥራል፤ ሲርቅም ይረዝማል። እዚህ ላይ የሰዓቱን ሥራ የሚሠራው ማስመሪያ ነው። ሌዘር ከመጣ በኋላ ደግሞ ራዲካሉ ያስቀረውን ብርሃን ከመለካት ይልቅ፣ በሌዘር ተነሣሥቶ መልሶ የሚያወጣውን ብርሃን መቁጠር ተቻለ። ይህም በጨለማ ክፍል የሻማ ነበልባል እንደ መፈለግ ስለሆነ እጅግ ጥቂት ራዲካል እንኳ አያመልጥም።

ስሕተትም የራሱ በር አለው። በላቦራቶሪ የደም ናሙና ሄሞላይዝ ሲሆን ፖታሲየም ያለ አግባብ ከፍ ብሎ እንደሚነበብ ሁሉ፣ ቀስ ብሎ በሚዋሐድ ጋዝ ውስጥ ያለ ጥቂት ቆሻሻ ራዲካሉን በፍጥነት ይበላና አፀግብሮቱን ፈጣን ያስመስላል። ስለዚህ አዝጋሚ አፀግብሮትን መለካት ከፈጣኑ ይልቅ ያስቸግራል። በ1991 በቦልደር፣ ኮሎራዶ፣ ቫግጂያኒና ራቪሻንካራ የሃይድሮክሲልና የሚቴን አፀግብሮት እስከዚያ ይታመንበት ከነበረው ከአምስተኛ እስከ ሩብ በሚደርስ መጠን የዘገየ መሆኑን ሲያሳዩ፣ በዓለም አየር ውስጥ ያለው ሚቴን ሁሉ ዕድሜው በዚያው መጠን ረዘመ። በሰማይ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የተስተካከለው የሰው ልጅ ዕውቀት ነው።

አንድ ቁጥር ሲለወጥ

በ1970 ፖል ክሩትሰን የቻፕማንን የጎደለ ወጪ አንድ ክፍል አገኙ። ከመሬት የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ ወደ ስትራቶስፌር ወጥቶ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ይፈጥራል፤ እነርሱም ራሳቸው ሳያልቁ ኦዞንን ደጋግመው ያጠፋሉ። በ1971 ሃሮልድ ጆንስተን ከድምፅ የፈጠኑ የመንገደኛ አውሮፕላኖች በዚያ ከፍታ የሚለቁት ጭስ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል ብለው አስጠነቀቁ። ሦስት ዓመት ቆይቶም የሞሊናና የሮውላንድ የሲ.ኤፍ.ሲ. ማስጠንቀቂያ ተከተለ። በዚህ ጊዜ መንግሥታት የጠየቁት ጥያቄ «ኦዞን ይጠፋል ወይ?» ከሚለው አልፎ «ስንት በመቶ?» የሚል ነበር። ይህን ለመመለስ በኮምፒውተር ሞዴል ውስጥ ብዙ የፍጥነት ቁጥሮች ይገቡ ነበር።

ከእነርሱ አንዱ ሃይድሮፐሮክሲ የተባለው ራዲካል ከናይትሪክ ኦክሳይድ ጋር የሚዋሐድበት ፍጥነት ነው። ሃይድሮፐሮክሲ በተለመደው የብርሃን ዘዴ በቀላሉ አይታይም ነበር። ስለሆነም ፍጥነቱ የተገመተው በተዘዋዋሪ፣ ከሌሎች አፀግብሮቶች ጋር በማነጻጸር ነበር፤ ግምቶቹም እርስ በርሳቸው አይስማሙም። በ1977 ካርልተን ሃዋርድና ኬኔት ኤቨንሰን በቦልደር ራዲካሉን በቀጥታ ለማየት የሚያስችል መንገድ ተጠቀሙ። በረጅም ሞገድ የሚሠራ ሌዘር የሚያወጣው ብርሃን ድግግሞሹ የማይለወጥ ስለሆነ፣ ሌዘሩን ወደ ራዲካሉ ከማስተካከል ይልቅ ራዲካሉን ወደ ሌዘሩ አስተካከሉት፤ በቱቦው ዙሪያ መግነጢሳዊ ኃይል እየጨመሩና እየቀነሱ ራዲካሉ የሌዘሩን ብርሃን መጥጦ የሚያስቀርበትን ነጥብ አገኙ። ከዚያ በኋላ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲጨመር ራዲካሉ ሲጠፋ በዓይን እንደሚታይ ያህል ተከታተሉት።

ውጤቱ በሞዴሎች ይሠራበት ከነበረው ዋጋ ከአሥር እጥፍ በላይ ፈጣን ነበር። በዛሬዎቹ ሰንጠረዦች ያለው ዋጋም ሁለቱ ካገኙት የራቀ አይደለም። የዚህ አንድ ቁጥር መለወጥ መላውን ስሌት አናጋ። አፀግብሮቱ ሃይድሮክሲልን ስለሚያበዛ፣ ሃይድሮክሲሉ በአንድ በኩል የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ወደ ናይትሪክ አሲድ ለውጦ ያስራቸዋል፤ በሌላ በኩል በሃይድሮጅን ክሎራይድ ታስሮ የነበረውን ክሎሪን ይፈታዋል። ስለዚህ የአውሮፕላኖቹ ጥፋት ከተፈራው አነሰ፤ የሲ.ኤፍ.ሲ. ጥፋት ግን ከተገመተው በለጠ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ1976 የወደፊቱን የኦዞን መቀነስ ወደ 7 በመቶ ገምቶ ነበር፤ በ1979 ግምቱን ወደ 16.5 በመቶ ከፍ አደረገው።

ይኸው አፀግብሮት በከተማ መንገድ ላይም ይሠራል። ከመኪና ጭስ የወጣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ከሃይድሮፐሮክሲና ከመሰሎቹ ጋር ሲዋሐድ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህም በፀሐይ ብርሃን ተከፍሎ ኦዞን ያስገኛል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሪ ሃገን-ስሚት የሎስ አንጀለስን ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ የፈጠረው ፀሐይ በመኪናና በፋብሪካ ጭስ ላይ የምትሠራው ሥራ መሆኑን አሳይተው ነበር። በስትራቶስፌር ጋሻ የሆነው ኦዞን በሳንባ ውስጥ ሲገባ መርዝ ነው፤ የመተንፈሻ ቱቦን ያስቆጣል፣ አስምንም ያባብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ8 ሰዓት አማካይ ያስቀመጠው መመሪያ በኪዩቢክ ሜትር አየር 100 ማይክሮግራም ነው። በቦልደር ቱቦ ውስጥ የተለካው ፍጥነት እንግዲህ የላይኛውን ጋሻና የታችኛውን መርዝ በአንድነት የሚመለከት ነበር።

ከዝርዝሩ የቀረው

ከ1979 በኋላ ሌሎች ፍጥነቶችም በተሻለ ሁኔታ ተለኩ፤ ትንበያውም እንደገና ወረደ። አካዳሚው በ1982 ከ5 እስከ 9፣ በ1984 ደግሞ ከ2 እስከ 4 በመቶ ገመተ። ብዙዎች አደጋው ያለፈ መሰላቸው። በሜይ 1985 ግን ጆሴፍ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን የተባሉ የብሪታንያ ተመራማሪዎች በደቡብ ዋልታ በሃሊ ጣቢያ ያገኙትን አወጡ። በዶብሰን መሣሪያ የተለካው የኦክቶበር ወር ኦዞን ቀድሞ 300 ዩኒት ያህል የነበረው ከ200 በታች ወርዶ ነበር። የትኛውም ሞዴል ይህን አልተነበየም።

በሞዴሎቹ ውስጥ የነበሩት ቁጥሮች በአብዛኛው ትክክል ነበሩ። ስሕተቱ በዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ነገር መኖሩ ነው። ሱዛን ሰሎሞንና ባልደረቦቻቸው በ1986 እንዳመለከቱት፣ በዋልታ ክረምት በሚፈጠሩ የስትራቶስፌር ደመናዎች ቅንጣት ላይ የታሰረ ክሎሪን ይፈታል። ቀድሞ የተለኩት አፀግብሮቶች በጋዝ ውስጥ የሚካሄዱ ነበሩ፤ በበረዶ ገጽ ላይ የሚካሄደውን በስሌቱ ያስገባው አልነበረም። በ1987 ደግሞ ሉዊሳና ማሪዮ ሞሊና ሁለት ክሎሪን ሞኖክሳይዶች ተጣምረው በፀሐይ ብርሃን የሚፈርስ ጥንድ እንደሚሠሩ፣ በዚህም ዑደት ኦዞን በቅዝቃዜ ውስጥ በፍጥነት እንደሚጠፋ አሳዩ።

የመጨረሻው ማስረጃ የመጣው ከሰማይ ነው። በ1987 በጄምስ አንደርሰን የተመራ ቡድን የሠራው መሣሪያ ከፑንታ አሬናስ፣ ቺሊ፣ በሚነሣ ኢአር-2 በተባለ ከፍተኛ በራሪ አውሮፕላን ተጫነ። መሣሪያው ክሎሪን ሞኖክሳይድን በናይትሪክ ኦክሳይድ ወደ ክሎሪን አቶም ይለውጠዋል፤ ከዚያም አቶሞቹ በመብራት ተነሣሥተው የሚያወጡትን ብርሃን ይቆጥራል። በቤተ ሙከራ የተለካ የፍጥነት ቁጥር ራሱ የመሣሪያው አካል ሆኖ ነበር። በሴፕቴምበር 16 ቀን በረራ ላይ ክሎሪን ሞኖክሳይድ ከፍ ባለበት ሁሉ ኦዞን ዝቅ ሲል፣ ሁለቱ መስመሮች እንደ መስተዋት ምስል ተቃራኒ ሆነው ተመዘገቡ። የሞንትሪያል ፕሮቶኮል የተፈረመውም በዚሁ ቀን ነበር። ፖርተርና ራይት በመስታወት ቱቦ ውስጥ ያዩት አሻራ ከእነርሱ ሙከራ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በዋልታ ሰማይ ላይ ተነበበ። ክሩትሰን፣ ሞሊናና ሮውላንድ የ1995ን የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ኢትዮጵያም የፕሮቶኮሉ አባል የሆነችው በ1994 ነው።

ጥርጣሬ ግን በዚህ አላበቃም። በ2007 በካሊፎርኒያ የወጣ አንድ የብርሃን ልኬት የክሎሪን ሞኖክሳይድ ጥንድ የሚያስቀረው ብርሃን ከታመነበት እጅግ ያነሰ ነው አለ። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ የዋልታው ማብራሪያ ይናጋ ነበር። አስቸጋሪው ነገር በናሙናው ውስጥ ያለውን የክሎሪን ጋዝ ብርሃን ከጥንዱ ብርሃን መለየቱ ነበር። በ2009 በታይዋን ያሉ ተመራማሪዎች ጥንዱን ከክሎሪኑ ለይተው በሌላ ዘዴ ለኩትና ቀድሞ የነበረው ዋጋ ልክ መሆኑን አረጋገጡ። በናሙና ውስጥ ያለ ባዕድ ነገር ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል እንደገና ታየ።

የጋዝ ዕድሜና የሕክምና ክፍል

የመጀመሪያው መጠን የሚቆጥር የአስም ኢንሄለር በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው በ1956 ነው፤ መድኃኒቱን የሚገፋው ሲ.ኤፍ.ሲ. ነበር። ለዚህ የተመረጠበት ምክንያት የሚያስመሰግን ነው፤ አይነድም፣ መርዝነቱም እጅግ አነስተኛ ነው፣ ከምንም ጋር አይዋሐድም። ጉዳቱ የመነጨው ግን ከዚሁ መልካም ባሕርይ ነው። በሲ.ኤፍ.ሲ. ውስጥ ሃይድሮጅን ስለሌለ ሃይድሮክሲል የሚነቅለው ነገር አያገኝም። ስለዚህ ሲ.ኤፍ.ሲ.-12 መቶ ዓመት ያህል በአየር ውስጥ ይቆያል፤ ከሚያጠፋው አልትራቫዮሌት ብርሃን ጋር የሚገናኘው በስትራቶስፌር ነው።

አሜሪካ በ1978 አስፈላጊ ባልሆኑ መርጫዎች ሲ.ኤፍ.ሲ. መጠቀምን ስትከለክል የአስም መድኃኒትን አልነካችም፤ የሞንትሪያል ፕሮቶኮልም ተመሳሳይ ጊዜ ሰጠ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የአስም ጥቃት የያዘው ሰው ሌላ ጋዝ እስኪገኝ መጠበቅ አይችልም። ተተኪው ኤች.ኤፍ.ኤ.-134ኤ ክሎሪን የለውም፤ ሃይድሮጅን ግን አለው። ሃይድሮክሲል ምን ያህል እንደሚያጠቃው በቤተ ሙከራ ሲለካ ዕድሜው 14 ዓመት ገደማ ሆነ። አዲሶቹ ኢንሄለሮች በ1990ዎቹ አጋማሽ መውጣት ጀመሩ፤ በአሜሪካ የሳልቡታሞል ሲ.ኤፍ.ሲ. ኢንሄለር ሽያጭ በ2008 መጨረሻ ቆመ። ለውጡ ያለ ዋጋ አልሆነም፤ ርካሾቹ ጄኔሪኮች ከገበያ ሲወጡ በዚያ አገር ሕመምተኛው የሚከፍለው ጨመረ።

ኦዞንን የማይነካው ተተኪ ሌላ ዕዳ ነበረበት። በመቶ ዓመት ሲሰላ አንድ ኪሎ ኤች.ኤፍ.ኤ.-134ኤ ምድርን የሚያሞቀው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,300 እስከ 1,500 እጥፍ ነው። በ2016 በኪጋሊ፣ ሩዋንዳ፣ የተደረሰው የፕሮቶኮሉ ማሻሻያ እንዲህ ያሉ ጋዞች ቀስ በቀስ እንዲቀነሱ ወሰነ። አሁን በመውጣት ላይ ካሉት ገፊ ጋዞች ውስጥ ሃይድሮክሲል በሳምንታት ውስጥ የሚያጠፋቸው ይገኙባቸዋል።

በማደንዘዣ ክፍልም ታሪኩ ይኸው ነው። ሕመምተኛው የሚተነፍሳቸው ጋዞች በሰውነት ውስጥ ብዙም ሳይለወጡ ይወጣሉ፤ ከዚያም ከሕንፃው ውጭ ወዳለው አየር ይሄዳሉ። በብርሃን በተለኩት ፍጥነቶች መሠረት ሃሎቴን አንድ ዓመት ያህል፣ ሴቮፍሉሬን ከአንድ እስከ ሁለት፣ አይሶፍሉሬን ከሦስት ዓመት በላይ፣ ዴስፍሉሬን ደግሞ 14 ዓመት ያህል ይቆያሉ። ዴስፍሉሬን የሚያሞቀው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 2,500 እጥፍ ይሆናል። ስኮትላንድ በ2023 መጠቀሙን ያቆመችው፣ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ ለሕክምና የግድ ካልሆነ በቀር እንዳይሰጥ የደነገገው በዚህ ምክንያት ነው። ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ያገለገለው ሃሎቴን ዕድሜው አጭር ቢሆንም ክሎሪንና ብሮሚን አለው። ናይትረስ ኦክሳይድን ደግሞ ሃይድሮክሲል አያጠቃውም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆይና ክሩትሰን ወደ ገለጹት ዑደት ይገባል።

እነዚህ ቁጥሮች ለሕመምተኛው የሚያስፈልገውን መድኃኒት ለመከልከል ምክንያት አይሆኑም። የሚያገለግሉት እኩል ደኅንነት ካላቸው ሁለት መድኃኒቶች መካከል ለመምረጥ፣ የማደንዘዣ መሣሪያውን የጋዝ ፍሰት ከሚያስፈልገው በላይ ላለመክፈትና የኢንሄለር አወሳሰድን በሚገባ ለማስተማር ነው። በትክክል ያልተወሰደ ፓፍ ሕመምተኛውን ሳይጠቅም አየሩን ይጎዳል።

ማጠቃለያ

የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2022 ባካሄዱት ግምገማ፣ አሁን ያለው ፖሊሲ ከቀጠለ የኦዞን ጋሻ ወደ 1980 መጠኑ በአብዛኛው ዓለም በ2040 ገደማ፣ በሰሜን ዋልታ በ2045፣ በደቡብ ዋልታ ደግሞ በ2066 ገደማ ይመለሳል። ለቆዳ ካንሰርና ለዓይን ሞራ ትርጉሙ ቀላል አይደለም። ይህ የተገኘው በመስታወት ቱቦ ውስጥ በቅጽበት የሚጠፋን ነገር በትዕግሥት ለመቁጠር ፈቃደኛ በሆኑ ሰዎች ነው።

ታሪኩ ግን ለኩራት ብቻ አይሆንም። ከ1976 እስከ 1984 ትንበያው ከፍና ዝቅ ያለው ቁጥሮቹ እየተስተካከሉ በመሄዳቸው ነበር፤ በ1985 የሆነው ድንጋጤ ደግሞ ሊለካ ሲገባው ከዝርዝሩ በቀረ ነገር ምክንያት መጣ። ሁለቱም ዓይነት ስሕተቶች በሕክምና የታወቁ ናቸው፤ አንዱ በደንብ ያልተለካ ምርመራ ነው፣ ሌላው በደንብ ተለክቶ ሳለ ያልታዘዘው ምርመራ።

ፐልስ ኦክሲሜትሩም ከዚህ አያመልጥም። በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት መሣሪያው በጥቁር ሕመምተኞች ላይ የኦክስጅን እጥረትን ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ አዘውትሮ እንደሚስት አሳይቷል። በቆዳው ውስጥ ያለው ሜላኒን ብርሃን እንደሚያስቀር የታወቀ ነው፤ ሆኖም መሣሪያዎቹ ሲስተካከሉ ለእርሱ የሚገባው ቦታ አልተሰጠውም ነበር። ስለዚህ በጠቆረ ጣት ላይ 93 የሚል ቁጥር ያነበበ ባለሙያ ሕመምተኛው የሚተነፍስበትን ሁኔታ ደግሞ ሊመለከት ይገባል። ብርሃኑ የሚናገረው እውነት ነው፤ የሚመልሰው ግን የተጠየቀውን ብቻ ነው።